የኋላ ኮፈን በራሱ ሲከፈት ወይም እምቢ ሲል፦ ኮንታክቱን የት እንፈልግ?

ከጎባ ተነስታችሁ በሰነቴ በኩል ወደ ደሎ መና፣ ከዚያም ወደ ብድሬ እየሄዳችሁ ነው እንበል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጉም በዋጠው ሜዳ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውም ክሪኩም ኮፈን ውስጥ ናቸው። መክፈቻውን ስትጫኑ ግን ኮፈኑ ድምፅም የለው። "ትንሽ ነገር ናት" ተብላ የታለፈች ኮንታክት ዋጋዋ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በካቦ የሚከፈት አሮጌ ኮሮላ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም። በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ላይ ግን ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ፊውዝ፣ መክፈቻ፣ አንዳንዱ ላይ ሪሌ፣ ከዚያ ኮፈኑ ላይ መዝጊያውን የሚያላቅቅ ትንሽ ሞተር።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። አዲስ ፊውዝ ገና ስትሰኩት ከተቃጠለ፣ ሁልጊዜ ኮረንት ያለው ሽቦ የመኪናውን ብረት ነክቷል። መክፈቻውን ስትጫኑ ብቻ ከተቃጠለ፣ ችግሩ ያለው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽቦ ወይም ሞተሩ ራሱ ላይ ነው። ማንም ሳይነካው የሚከፈተውስ? በብዙ መኪኖች የመክፈቻው ሥራ አንድን ሽቦ ከነጋቲቭ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ያ ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ መኪናው ሰው የተጫነው ይመስለዋል፤ ፊውዙም አይቃጠልም። ከዝናብ ወይም ከላቫጆ በኋላ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ ከታርጋው በላይ ያለው መክፈቻ ውኃ አስገብቶ ይሆናል፤ ፈታችሁ አድርቁትና እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ። ኮፈኑን ክፈቱና ከማጠፊያው አጠገብ፣ ከቦዲው ወደ ኮፈኑ የሚሻገረውን ሽቦ የሸፈነችውን የጎማ ቱቦ ፈልጉ። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ዓመታት ሲያልፉ ላስቲካቸው ይሰነጠቃል፤ ብርድ ደግሞ ላስቲክን ያደርቃል፣ የእኛን ደጋ ጠዋት ታውቁታላችሁ። ጎማዋን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉና ወደ ጎን ሰብስቧት። ብዙ ጊዜ የተላጠው መዳብ እዚያው ይታያል። የታርጋ መብራት አብሮ ከጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ አብረው ነው የሚያልፉት።

በዓይን ካልታየ ደህና አንድ ዘዴ አለ። ፊውዙን አውጡና በቦታው 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኙ። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ የሚያልፈው ኮረንት ከ2 አምፔር በታች ስለሆነ ሽቦ አያቃጥልም። (ፈዘዝ ብሎ ቢበራ በዚያው ፊውዝ የሚሠራ ሌላ ዕቃ ይሆናል፣ አትደንግጡ።) መክፈቻው ሲነካ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ሌላ ሰው ተጭኖ ይያዝላችሁ። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅንቁ፤ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ በሽታው ያለበት ነው። የሞተሩን ሶኬት ስትነቅሉ ከጠፋ ጥፋተኛው ሞተሩ ነው። ይህንን በኤርባግና በኮምፒውተር ፊውዝ ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩ።

ስትጠግኑ የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀሉ። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መዝጋት ለጥቂት ሳምንት ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ በተመሳሳይ ውፍረት አዲስ ሽቦ ቀጥሉ፣ መቀጠያው ግን ከሚታጠፈው ቦታ ውጪ ይሁን፤ የተበየደ ሽቦ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። መቀጠያዎቹንም ትይዩ አታድርጓቸው።

አንድ የምንጣላበት ነገር አለ፦ ፊውዝ ሲደጋገም "ትልቅ ክተትበት" የሚለው ምክር። 15 (ሰማያዊ) በነበረበት 30 (አረንጓዴ) መሰካት፣ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል፣ ፊውዙ መቃጠሉን ትቶ ሽቦው እንዲቃጠል መፍቀድ ነው። ሽቦው ደግሞ በምንጣፍና በወንበር ሥር ነው የሚያልፈው፣ ከኋላ ልጆች በሚቀመጡበት። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ስለተከለከለ፣ የተቃጠለችውን መተካትም ቀላል አይደለም።

ኮፈኑ ተዘግቶ መንገድ ላይ ከቀራችሁ መጀመሪያ የቁልፍ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከሌለው የኋላውን ወንበር መደገፊያ አጥፋችሁ ግቡና ከመዝጊያው ላይ በእጅ የሚሳብ ወይም የሚገፋ ማላቀቂያ ፈልጉ። ወንበሩ የማይታጠፍ ከሆነ ግን ክሪኩን ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገቡት።