ዳንቴ ደሴ ቀረ፣ ሉሲያ ኮምቦልቻ ወረደች

ዛሬ ከኑሮ ውድነቱና ከየዕለቱ ወሬ ትንሽ ዘወር እንበልና ስለ ጌም እናውራ። «ጌም ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። አለው እንጂ! በተለይ ደሴ ውስጥ በፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ላደግን ልጆች።

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አበቃ። ዘመኑ 2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ብትጫወት ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያወራባት፣ እኔ የምገባው ታላቅ ወንድሜን «እማዬ ትጠራሃለች» እንድለው ስላክ ብቻ ነው። መልእክቱን ሳላደርስ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አያለሁ። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ኳስ ነው። በሦስተኛው ላይ ግን ነጭ ጸጉር ያለው፣ ቀይ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በሰይፍና በሽጉጥ ሰይጣን ያሳድዳል። ልጆቹ «ሰይጣን ገዳዩ» ይሉታል። ዴቪል ሜይ ክራይ 2 መባሉን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምረው። የመጀመሪያውን ክፍል የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያ ነበር። ሥራው የተጀመረው ሬዚደንት ኢቭል 4 እንዲሆን ታስቦ ነው፤ መልኩ እየተለየ ሲሄድ ራሱን የቻለ ጌም ሆኖ ወጣ። የተወደደውም ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ስላገናኘ ይመስለኛል። ሰይጣኖቹ የምር ያስፈራሉ፣ ዳንቴ ደግሞ ይቀልድባቸዋል። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ገበያ ላይ ሲውል ግን ካሚያ የለበትም። ኩባንያው ሥራውን ለሌላ ቡድን ሰጥቶት ነበር። ነገሩ አልሆን ሲል ሂዴአኪ ኢትሱኖ ተጠርቶ ዳይሬክተርነቱን የያዘው ሊጠናቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ቡናው ከፈላ በኋላ «ና ቅዳ» እንደተባለ ሰው ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ከበጎው እንጀምር። ሁለተኛው ክፍል የዳንቴን ሰውነት አፍታቶታል። ግድግዳ ላይ ይሮጣል፣ በአንዲት ቁልፍ ተገለባብጦ ያመልጣል፣ ውጊያውን ሳያቋርጥ ሽጉጡን በሌላ መሣሪያ ይቀይራል። ከዙር ወደ ዙር እየተሻገሩ የሚዋጉበት ብለዲ ፓላስ የተጀመረውም እዚህ ነው፤ ኋላ በመጡት ክፍሎችም ተመልሷል። በዚያ ላይ ጌሙ ሁለት ሲዲ፣ ሁለት ባለታሪክ ነበረው። እዚህ ጋ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ድክመቱስ? ጠላቱ! ሽጉጡ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ስለሆነ ራቅ ብለህ ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃል፤ ሰይጣኑ ቆሞ ይሞትልሃል። ሰፋፊዎቹ አደባባዮች ባዶ ናቸው። ሰይጣን የሰፈረበት ታንክና ሄሊኮፕተር እንኳ አለ፤ የሚያስደነግጥ ግን የለም። ያ ቀልደኛ ዳንቴም አፉን ዘግቶ ሳንቲም ብቻ ይወረውራል። ብዙ የውጭ ተቺዎች «በጣም ቀላል ነው» ብለው የነቀፉት ለዚህ ነው።

ይሁንና ወዳጆቼ፣ እነዚያ ተቺዎች ደሴ መጥተው አልተጫወቱም! እኛ ቤት ጌም የሚከፈለው በሰዓት ነበር። ሜሞሪ ካርዱን የኳሱ ሊግ ስለሚሞላው ትናንት የደረሱበት ዛሬ አይገኝም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቀላል ጌም በረከት ነው። በአምስት ብር ብዙ ሰይጣን ይገደል ነበር። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሦስተኛው ክፍል፣ ኢትሱኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ የመራው፣ በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ነው። በተለይ ለሰሜን አሜሪካ በተሸጠው ቅጂ «መካከለኛ» የተባለው ደረጃ በጃፓኑ «ከባድ» የሚባለው ነበር። እኛ ሰፈር ሰርቤረስ የሚባለው ባለ ሦስት ራስ የበረዶ ውሻ የስንቱን ልጅ የዳቦ ሳንቲም በላ!

ቢሆንም ባለፈው ሰሞን ወንድሜን «ከሁለተኛው የትኛውን ሰይጣን ታስታውሳለህ?» ብለው አሰበ፣ አሰበና ዝም አለ። ውሻውን ግን ሳልጠይቀው «ያ ውሻ!» ብሎ ሳቀ። በአምስት ብር የገደልናቸው ሁሉ ተረስተዋል፣ ያሸነፈን ቀርቷል።

ይህን አያቴ ቤት የነበረው ክታብ ያውቀዋል ብል አትሳቁ። ወሎ ውስጥ ክታብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያሥራል። የአያቴ ክታብ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ያለበት ብራና ነበር፤ አራስና ጨቅላ ይጠብቃል ይባላል። በታሪኩ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ዘልሎ አይወጋትም። መጀመሪያ ጉዳት ይደርሳል፣ እናት ታለቅሳለች። ከዚያ በፈረስ ተቀምጦ ይፈልጋል፣ አንዲት አሮጊት አግኝቶ ይጠይቃል፣ ሲደርስ ወርዶ ይጸልያል። ጦሩ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። አያቴ ስትተርክልን ጦሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች፤ ፍርሃቱን ግን ማታውን ሙሉ ታወራው ነበር። ሁለተኛው ዴቪል ሜይ ክራይ ጦሩን አሳመረና ፍርሃቱን ረሳ።

አሁን ወደ ሲዲው ልመለስ። ክረምት ሲመጣ ኮምቦልቻ አጎቴ ቤት እንወርዳለን። መንገዱ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከደሴ ብርድ ወጥቶ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሙቀት ውስጥ መግባት ነው። እዚያም ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፣ እዚያም «ሰይጣን ገዳዩ» አለ። ግን ዳንቴ የለም! ቀይ ጸጉር ያላት፣ በሁለት ጩቤ የምትዋጋ፣ ውኃ ውስጥ ሳይቀር እየዋኘች የምትዋጋ ሴት ናት። ወንድሜ «ይሄ ሌላ ጌም ነው» አለ፤ የኮምቦልቻ ልጆች «የእናንተው ነው ፎርጅዱ!» አሉት። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሲዲ አንድ የዳንቴ፣ ሲዲ ሁለት የሉሲያ ነው፤ ተገልብጦ በየሱቁ ሲሸጥ አንዱ ደሴ ቀረ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ወረደ። ዛሬ ስመለከተው የሉሲያ ክፍል አጭር ነው፤ ብዙው ቦታም የዳንቴው ድግግሞሽ ነው። ክፉው ነጋዴ አሪየስ የሠራት ፍጥረት መሆኗን ስታውቅ የሚሰማትን ለማሳየት ጌሙ ጊዜ አልሰጣትም። ይህም ትልቅ ድክመት ነው።

እኔ ግን ያን ቀን ስለ ድክመት አላሰብኩም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆሜ ሳያት አንዱ ልጅ ጆይስቲኩን ዘርግቶ «ሴት ናት፣ አንቺ ሞክሪያት» አለኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ የተጫወትኩት ያኔ ነው። ሰይጣኖቹ ቀላል ስለነበሩ ወዲያው አልሞትኩም። ጌሙ ከባድ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ተሸንፌ፣ ተስቆብኝ፣ ጆይስቲኩንም ዳግመኛ ባልነካሁ ነበር።

የዚህን ጌም ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ ስሕተት ብለው ያልፉታል። ስሕተት መሆኑን እኔም አልክድም። ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰው ስሕተት ግን ለአንዲት ልጅ አግዳሚው ላይ ቦታ አስገኝቶላታል። ይህም ከታሪኩ ይጻፍልኝ።