መርፌና ፊደል፤ ከጦርነት በኋላ ስለ ሴቶች ሙያና ትምህርት



በዚህ ሳምንት የምናወሳው ነገር የጦር ሜዳ ገድል አይደለም። የጦር ሜዳ ገድል ጸሐፊም ተራኪም አጥቶ አያውቅም። እኛ ልንመረምረው የፈለግነው፣ የጥይቱ ድምፅ ዝም ካለ በኋላ፣ አባወራው ሳይመለስ በቀረበት ቤት ውስጥ ልጆቹን ማን እንዳሳደጋቸውና በምን ሙያ እንዳሳደጋቸው ነው።

ጥያቄው የአያቶቻችን ዘመን ጥያቄ ብቻ አይምሰላችሁ። ከከተማችን በስተ ምሥራቅ፣ በቦሌ ሚካኤልና በአካባቢው፣ ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተ ሰቦች ከሀገሩ ሰው ጋር ተጎራብተው ይኖራሉ። ከኤርትራ የመጡ ስደተኞችም በልዩ ልዩ ሰፈሮች ቤት ተከራይተው ይገኛሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ከቀያቸው ተነቅለው ወደ ዘመድ የተጠጉም አሉ። የእነዚህ ሴቶች ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ጥያቄና የንግድ ፈቃድ ወረቀት በእናንተ በመንግሥት ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ማወቅ ለእናንተ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የሥራችሁ አካል ነው።

አበው «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» ይሉ ነበር። ተረቱ ሥራን የከፈለ ይመስላል እንጂ በእርግጥ የከፈለው ክብርን ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት የመገበው ማን ነበር? እህል የፈጨው፣ እንጀራ የጋገረው፣ ውሃ የተሸከመው፣ ቁስለኛ ያጠበው የሴት እጅ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ራሳቸው በዘመቻው ላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ ሲመለስ ሹመቱና ሽልማቱ የደረሰው በአብዛኛው ለወንዱ ነው። የሴቲቱ ሥራ የተፈጥሮ ግዴታዋ ተብሎ ስለ ተቈጠረ ሙያ የሚል ስም አላገኘም። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ጥጡን የምትፈትለው ሴት ነበረች፤ ሸማው የሚወጣው ግን ከወንዱ ከሸማኔው እጅ ነው። ስለዚህ በገበያ ሸማውን የሚገዛ ሰው ሸማኔውን ያውቃል፤ ፈታይቱን አያውቅም።

ይህ አሳብ መናወጥ የጀመረው በጣልያን ወረራ ዋዜማ ነው። በ1924 ዓ.ም. በእቴጌ መነን ስም የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነበር። የጦርነቱ ደመና በከበደ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ከማኅበሩ ግንባር ቀደም ሠራተኞች አንዷ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። የማኅበሩ ሴቶች ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ አዘጋጁ፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ ማፍሰሱ በታወቀም ጊዜ ፊትን የሚከልል ጭንብል ሰፉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ የቤት ሥራ ትባል የነበረችው መርፌ የሀገር መከላከያ መሣሪያ ሆነች። መርፌዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የሚመለከታት ዓይን ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ የማኅበሩም ሥራ ተቋረጠ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የከተማዋ ሕዝብ በገፍ አለቀ፤ የተማሩ ወጣቶችም እየተለቀሙ ተገደሉ። ይህ ማለት በብዙ ቤት ውስጥ ጧሪም ተጧሪም አንድ ላይ ጠፉ ማለት ነው። በየቤቱ የቀሩት እናቶችና ሚስቶች ያላቸው ሀብት የእጃቸው ሥራ ብቻ ነበር። ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ሸጠው፣ ፈትል ፈትለው እነዚያን 5 የመከራ ዓመታት አሳለፉ። ከእነርሱም መካከል ለአርበኛው ስንቅና ወሬ ያቀብሉ የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ አንዷ ሲሆኑ፣ ተይዘው አዚናራ ወደምትባለው የጣልያን ደሴት ተግዘዋል።

ወደዚያችው ደሴት ከተጋዙት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ወረራው በመጣ ጊዜም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው ከአርበኞቹ ጋር የተሰለፉ ናቸው። ስለ እኚህ ሴት ወደ ፊት እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን ነጻነት ሲመለስ የሆነውን እንመልከት።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በተመለሰ ጊዜ መንግሥት የጠበቀው የፈረሰ ቢሮና የፈረሰ ድልድይ ብቻ አይደለም፤ ባሏን ያጣችው ሴትና አባት የሌለው ልጅም ደጅ ላይ ቆመው ነበር። የሴቶቹ በጎ አድራጎት ማኅበር እንደ ገና ተቋቁሞ ለድኾች ሴቶች የእጅ ሥራ ማስተማርን፣ እናቶችንና ሕፃናትን መርዳትን ያዘ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን መልሶ ሰበሰበ። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ሙያ ተምረው ነበርና ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዚያው ሙያ ማገልገል ጀመሩ። ነገር ግን በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በነቀምቴ ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ታሪክ ግን ለማመስገን ብቻ አይጻፍምና ጕድለቱንም እንናገር። በ1935 ዓ.ም. ከከተማው በስተ ምሥራቅ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለመንግሥት ሥራ የሚያበቃው ይህ ከፍተኛ ትምህርት የታሰበው ለወንዶች ልጆች ነበር። ከሴቶቹም መካከል ፊደሉ የደረሰው ለጥቂቶች፣ በተለይም ለመኳንንትና ለሹማምንት ልጆች ነው። ለድኻዪቱ፣ ጦርነት ባሏን ለነጠቃት ሴት የተሰጣት መርፌና ክር ነው። እንዲህ ሆኖ መርፌና ፊደል ተለያዩ፤ አንዷ የችግረኛ መጦሪያ፣ ሌላው የባለጸጋ ልጅ ጌጥ መሰለ።

መለያየታቸው ያመጣውን ጉዳት ለመረዳት ጥልፍ ብቻ የተማረችን ሴት አስቡ። የሠራችው ሥራ ያማረ ነው፤ ዋጋውን የሚቈርጠው ግን ነጋዴው ነው። ስንት ክር እንደ ፈጀች፣ ስንት ቀን እንደ ደከመች፣ ምን እንደ ቀራት የምትጽፍበት መዝገብ የላትም። ውል ቢያስፈርሟት በጣቷ ትፈርማለች፤ የፈረመችውን ግን አታውቅም። ዕቃዋን የሚገዛትም ሥራዋ አስፈልጎት ሳይሆን አዝኖላት ከሆነ፣ ኀዘኑ በደከመ ቀን ገበያዋ ይዘጋል። ምጽዋት ከመርፌ ጋር ቢሰጥም ያው ምጽዋት ነው።

እነሆ፣ መርፌና ፊደል ባይለያዩ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር የሚያሳዩን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ከግዞት ተመልሰው ወደ አስተማሪነት ገቡ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም በዳይሬክተርነት የመሩ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሲሰጥ ሴቶችም የመብቱ ተካፋዮች ነበሩ። በዚሁ መሠረት በ1949 ዓ.ም. መጨረሻና በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። የጦር እስረኛ የነበረች ሴት ሕግ ከሚመክርበት ወንበር ተቀመጠች ማለት ነው። «ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት በዚያን ቀን አንድ እግሩ ተሰበረ።

አንድ እግሩ ብቻ አልን፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ነገር ገና ይጐድል ነበርና። እርሱም ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። ይህ የተለወጠው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሩዋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ከተፈጸመው የዘር ፍጅት በኋላ መሬቱን የሚያርሱት፣ ወላጅ አልባዎችን የሚያሳድጉት በአብዛኛው ሴቶች ሆኑ። በልማዱ ግን ሴት ልጅ የአባቷን መሬት አትወርስም ነበር። ስለዚህ በ1999 ሴትን እኩል ወራሽ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ሙያ ያላት ሴት የምትሠራበት መሬትና ቤት ከሌላት፣ ሙያዋ ዘር ይዞ ማሳ እንዳጣ ገበሬ መሆኑን ተረድተዋልና።

ደግሞ ፊደል ብቻውን ምን እንደሚሆን ከራሳችን ታሪክ ተምረናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሕዝቡን ፊደል ያስቈጠረ፣ በዓለም አቀፍ መድረክም የተሸለመ ታላቅ ሥራ ነበር። ሰሌዳው ፊት ከተቀመጡትም መካከል ልጆቻቸውን ለጦር ሜዳ የሸኙ እናቶች ነበሩበት። ሆኖም የተማሩትን የሚጠቀሙበት ሥራ ያላገኙት ብዙዎቹ ፊደሉን መልሰው ረሱት። መርፌ ያለ ፊደል ድካም እንደ ሆነች ሁሉ፣ ፊደልም ያለ መርፌ ይዘነጋል።

እንግዲህ ወደ ቦሌ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1110 ስደተኛ በሕግ በተወሰነው መሠረት እንዲሠራና እንዲማር ፈቅዶለታል። ሕጉ ወጥቷል፤ የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው፤ አፈጻጸም ማለት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ለአንዲት የተፈናቀለች ወይም የተሰደደች ሴት የ3 ወር የልብስ ስፌት ትምህርት ሰጥቶ፣ በምስክር ወረቀት ሸኝቶ፣ በሪፖርት ላይ አንድ ቍጥር መጨመር ቀላል ነው። ነገር ግን ልጇን የምትተውበት ስፍራ አላት ወይ? የስፌት መኪናዋን የምታኖርበት ጥግ አላት ወይ? ሒሳብ መያዝና ውል ማንበብ ተምራለች ወይ? በሰፈሩ ስንት ሰፊ እንዳለና ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ የጠየቀላት አለ ወይ? የንግድ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትመጣ በየመስኮቱ «ነገ ተመለሽ» ትባላለች ወይስ ትስተናገዳለች? እነዚህ ሁሉ ሳይመለሱ የሚሰጥ ሙያ በ1933 ዓ.ም. የተሰጠው መርፌ ድጋሚ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ጦርነት ቤትን በአንድ ቀን ያፈርሳል፤ ቤትን መልሶ የሚያቆመው ግን የዓመታት ሥራ ነው። ያ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ እንደ ወደቀ የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ይመሰክራል፤ የዛሬውም ይመሰክራል። የእነዚያን እናቶች ውለታ ለመመለስ ጊዜው አልፎብን ይሆናል። በመስኮቱ ፊት ወረቀቷን ይዛ ለቆመችው ሴት ግን ጊዜው አላለፈም። ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ ተራዋን የምትጠብቀው እርሷ ናት።