ከእንጦጦ እንጨት እስከ ካሉብ ጋዝ

"ነዳጅ ተገኘ" ሲባል ስንቴ ሰማን? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካው ሲንክሌር የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ የሰጡት በ1945 ነው። ኦጋዴንን ቆፈረ፤ የሚያዋጣ ነዳጅ አጥቶ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ፤ አብዮቱ መጣ፣ ጋዙም እዚያው ተቀበረ። ሶቪየቶችም ሞከሩት። በ2013 የቻይናው ፖሊ-ጂሲኤል ፈረመ፤ በ2022 ማዕድን ሚኒስቴር ውሉን ሰረዘው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ በምን አበሰለች? በምኒልክ ዘመን በገባው ባሕር ዛፍ! የየካና የእንጦጦ እናቶች ጭራሮና ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ኖሩ።

በ2025 የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ደስ ይላል። ግን ታሪካችን እንደሚለው ፊርማ ብቻውን ምድጃ አያሞቅም። የኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ከእንጦጦ የሚወርደው ሸክም ቀነሰ ወይ?