«ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል?»

ለዒድ ወደ ከሚሴ ስንወርድ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ይዘን ነበር። ስሙ ቦቢ ነው። ከፑድልና ከማልቲዝ የተወለደ ክልስ፣ ነጭ፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ ታቅፈውት ሚኒባስ የሚሳፈሩበት ዓይነት ውሻ። የጓደኛችን እናት በረንዳ ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል?»

ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። ማታ ላይ ስንጨዋወት ጥያቄው የቀልድ እንዳልሆነ ገባን። ውሻና እኛ እንዴት እንደኖርን የሚጠይቅ የታሪክ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ከቅርቡ እንጀምር። በከሚሴ ዙሪያ የተዘረጋው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ፣ በጋ ሲገባ ኦሮሞውም አፋሩም አማራውም ከብቱን የሚያሰማራበት ነው። ከብት ባለበት ጅብ አለ፤ ጅብ ባለበት ውሻ ያስፈልጋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችንም ውል ነው፤ ትሰጠዋለህ፣ ይጠብቅሃል።

ሃይማኖቱም ይህን ውል ያውቀዋል። የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዝ ውሻ ግን ተፈቅዷል። ደግሞም ጁምዓ ጁምዓ በሚቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ፣ የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ውሻቸው እጆቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ አብሯቸው ነበር። የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘው ሰው ታሪክም በሐዲስ አለ። ስለዚህ «ውሻ ይጠላል» ብለን የምንደመድመው በችኮላ ነው። ውሻ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ደጃፍ ነው።

ታዲያ ጭን ላይ የሚቀመጥ ውሻ በአገራችን ከየት መጣ? ስሙ ከሁሉ የገነነው የጃንሆይ ሉሉ ነው። ሉሉ ቺዋዋ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሳቸው ፎቶግራፎች አሉ። ዓለም ያወቀው ግን ይበልጡን በፖላንዳዊው ጋዜጠኛ በሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው በዚህ መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ እየሸና፣ አንድ አሽከር ደግሞ በጨርቅ እየተከተለ ሲጠርግ ዓመታት እንዳለፉ ይተረካል። ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ምሁራን መጽሐፉን በትክክለኛነቱ አጥብቀው ተችተውታል። የሜክሲኮውን ቺዋዋ እንኳ የጃፓን ዘር ያደርገዋል! ተረቱ ግን ከእውነቱ ቀድሞ ሄደ።

ወሎ ላይ የደረሰው ግን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎ ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ከአዲስ አበባ ከሚሴን አቋርጦ ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ረሃብተኛው ምጽዋት ፍለጋ የወጣበት መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን ፊልም ደርግ ሌላ ምስል ቀላቅሎበት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየው። በአንድ በኩል የሚሞት ሕፃን፣ በሌላ በኩል የቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ የሚጎርሱ የጃንሆይ ውሾች። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ፊልሙ ለዓላማ የተቀጣጠለ ነበር፤ ረሃቡ ግን እውነት ነበር። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የታቀፈ ውሻ ሲታይ ሰው ፊቱን ቢያጠቁር ኋላቀርነት ነው ብለን አንለፈው። «ሰው ሳይበላ ውሻ?» የሚለው ቁጣ የራሱ ታሪክ አለው።

አሁን ወደ ቦቢ ዘር እንመለስ። የሚገርመው፣ ፑድልም የተነሳው ሠራተኛ ሆኖ ነው። አዳኝ የመታውን ዳክዬ ከውኃ ዋኝቶ የሚያመጣ ውሻ ነበር። ዛሬ ቅንጦት የሚመስለን የጸጉሩ አቆራረጥ እንኳ እንዲዋኝ ቀሎት፣ መገጣጠሚያው ደግሞ እንዳይበርደው የተደረገ ነው ይባላል። ክልሱን በዓለም ያስወደደውም ሥራ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያዊው ዋሊ ኮንሮን፣ ባሏ የውሻ ጸጉር ለማይስማማው ማየት ለተሳናት ሴት መሪ ውሻ ለማግኘት ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ። በኋላ ግን ሰው ለገንዘብ ብሎ ያለ ጥንቃቄ ሲያራባ አይቶ ተጸጸተ።

ጸጸቱ እኛንም ይመለከታል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቡችላ ገዝቶ መሄድ ቀላል ነው። ፑድል ክልስ ግን ጸጉሩ ብዙም ስለማይረግፍ ተቋጥሮ ቆዳውን ይጎትታል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ማበጠር፣ በየጊዜው መቁረጥ ይፈልጋል። «አለርጂ አያመጣም» የሚባለውም ተስፋ ብቻ ነው፤ አለርጂው ከምራቁና ከቆዳውም ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም ግዴታችን ነው። ከሁሉ በላይ ብቸኝነትን አይችልም። እኛ ስንቆይ በሩን የሚቧጭረው ሌባ አይቶ ሳይሆን እኛን አጥቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለእናታችን መልስ ይዘን ቀረብን። «ምንም አይጠብቅም» አልናቸው፤ «የሚጠብቀው እኛን ነው፤ እስክንመጣ።» ዝም አሉ። ቦቢ ምንጣፉ ዘንድ ሳይደርስ በረንዳው ጫፍ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተኝቷል። ሙቀቱ ከፍቶ ነበርና አሮጌ ጣሳ አንስተው ውኃ ሞሉና፣ ራቅ አድርገው ደጃፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ስሙ ማን ነበር ያላችሁኝ?» አሉን።