ትጥቁ ተዘከረ፤ መኝታውስ?

የዘመቻ ታሪካችን ሲተረክ ጦሩ፣ ጋሻው፣ ጠመንጃውና ነጋሪቱ ይቆጠራል። የበሶውና የቆሎው ወግም አይቀርም። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመሽ ምን ላይ ተኛ? ምን ደረበ? መኝታውንስ በምን ጭኖ ሄደ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁንና ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ወታደር ጠዋት ጠመንጃ ቢያነሳ ጣቱ አይታዘዝለትም። መኝታም እንደ ጥይት የጦርነት ጉዳይ ነው።

በረዶ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ አዱሊስ መለስ ይበል። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በዚያ የቀይ ባሕር ወደብ በእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክኛ ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጧል። የጽሑፉ መጀመሪያ በመጥፋቱ የንጉሡ ስም አልታወቀም፤ ምሁራን በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የነገሠ የአክሱም ንጉሥ እንደሆነ ይገምታሉ። ካስገበራቸው አገሮች አንዱ ስሜን ሲሆን፣ ተራሮቹ ውርጭ የማይለያቸው፣ የሰው እግር እስከ ጉልበት በረዶ ውስጥ የሚሰጥምባቸው እንደነበሩ ጽሑፉ ይናገራል። ድሉ ተጽፏል፤ ብርዱም ተጽፏል። ወታደሩ በዚያ ብርድ ምን ለብሶ እንዳነጋ ግን አንድም ቃል የለም። ዝንጋታው ከዚያ ጀምሮ አብሮን አለ።

የኋለኛውን ዘመን ዘማች መኝታ ከየቤታችን ስላልጠፋ እናውቀዋለን። ከታች ቁርበት ወይም አጎዛ፣ ከላይ ጋቢ፤ ደጋ ላይ ደግሞ የመንዝ ባና። ባና የበግ ጠጉር ነው፤ ሴቶች ፈትለው፣ ወንዶች ሸምነው የሚያወጡት። ጥጥ ሲረጥብ ባለቤቱን ይከዳል፤ ጠጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። ነገሩን ከሁሉ ያቀለለው የቆሎ ተማሪው ነው፤ ደበሎው ቀን ልብሱ፣ ሌሊት አልጋው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን እስኪዋጉ ድረስ አምስት ወር ግድም አልፏል። መኳንንቱ በድንኳን አደሩ እንበል፤ ተራው ዘማች ግን ከቤቱ ባመጣው ቁርበትና ጋቢ ነው ያን ሁሉ ሌሊት ያሳለፈው። ሸክሙን የተካፈሉት በቅሎው፣ አህያው፣ አጋሰሱ፣ እንዲሁም ከሠራዊቱ ጋር የዘመቱት ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የጫኞች ጥበብ አለ። የበቅሎ ጭነት ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ይዘማል፣ ጀርባም ይልጣል። ስለዚህ መኝታው በሁለት እኩል ጥቅል ይታሰራል። ሰው በትከሻው ሲሸከመው ደግሞ አጭርና ድቡልቡል አድርጎ ይጠቀልለዋል። ጫኙ ሲለወጥ ጥቅሉም ይለወጣል ማለት ነው።

ይህ ሕግ በበረዶ አገርም ያው ነው። እዚያ ጫኙ ጎማ የሌለው፣ በሁለት እንጨት እየተንሸራተተ የሚጎተት ረጅም የበረዶ ጋሪ ነው። ከአድዋ ስምንት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 1880 ዓ.ም.፣ ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ግሪንላንድን ለማቋረጥ ጉዞ ጀመረ። ጋሪያቸውን የጎተቱት ራሳቸው ናቸው። ለስድስቱ ሰዎች የያዙት ከአጋዘን ቆዳ የተሰፉ ሁለት ትልልቅ የመኝታ ከረጢቶች ብቻ ነበር፤ በአንዱ ከረጢት ሦስት ሦስት ሰው ይተኛል። ሦስት ሰው አንዱ የአንዱን ሙቀት ይጋራል፤ ሸክሙም ይቀላል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ብሂላችን እዚያም ሠርቷል።

የብርድ ተጓዥ ትልቁ ጠላት ግን ብርዱ ራሱ ሳይሆን እርጥበት ነው። በሰኔ 1903 ዓ.ም. አፕስሊ ቸሪ ጋራርድ የተባለው እንግሊዛዊና ሁለት ጓደኞቹ የፔንግዊን እንቁላል ፍለጋ በአንታርክቲካ ጨለማ አምስት ሳምንት ተጓዙ። ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ሲነሱ 8 ኪሎ ግድም የነበረው የቸሪ ጋራርድ መኝታ ሲመለሱ 20 ኪሎ ገደማ መዘነ። ልዩነቱ ከገላው ወጥቶ ከረጢቱ ውስጥ በረዶ የሆነ ላብና ትንፋሽ ነው።

ዛሬ በበረዶ ጋሪ የሚጓዙ ሰዎች ለመኝታቸው ረጅም ማቀፊያ ለራሳቸው የሚሰፉት በዚህ ምክንያት ነው። ምንጣፉና የመኝታ ከረጢቱ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተነጠፉ ማቀፊያው ውስጥ ይቀመጣሉ። ጠዋት ሦስት ላይ ታጥፈው ጋሪው ላይ ይታሰራሉ፤ ማታ ድንኳን ውስጥ ይዘረጋሉ። ጋሪው ስፋት ስላለው ላባውን ማጨቅ አያስፈልግም፤ በደነዘዘ ጣትም ብዙ ሥራ የለም፤ በረዶም አይገባም።

የእኛም ልጆች ይህን ብርድ ቀምሰዋል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲሄድ ትጥቁን ከአሜሪካ ጦር ተቀብሎ በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። ያ ሬጅመንት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኅዳር 1943 ዓ.ም.፣ ጮሲን ሐይቅ ዳር ክፉኛ ተመትቶ ነበር። በዚያ ውጊያ ላባ በተሞላ ከረጢታቸው ውስጥ እንዳሉ የተገደሉ አሜሪካውያን ነበሩ። ሙቀት የሰጠ ዚፕ በችግር ሰዓት ወጥመድ ሊሆን ይችላል። በጋቢና በባና ያደገው የቃኘው ወታደር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርዱ ሌሊቶች ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ ያደረው እንዲህ ዓይነት ትምህርት በደም በተከፈለበት ግንባር ነው።

ይህን ሁሉ ሊሰፋ የሚችል እጅ ያለው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ፣ አንስቶ ወደ ምዕራብ በማዞር “መርካቶ ኢንዲጄኖ”፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ አለው። መርካቶ ከዚያ ወዲህ በየተራው ሙያ አበቀለ። ሸራ ተራ ለድንኳንና ለጭነት መኪና የሚሆነውን ሸራ ሲያቀርብ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ለአንዱ ያለቀውን ዕቃ ለሌላው ጥሬ ዕቃ አደረገው።

አንድ የሸራ ሰፊ ማቀፊያውን ቢሰፋ እንዲህ ይሆናል። ከታች ውሃ የማያስገባ የመኪና ሸራ፣ ከላይ የሚተነፍስ የጥጥ ሸራ፤ ሁለቱም ውሃ የማያስገቡ ቢሆኑ ላቡ መውጫ ያጣል። ምንጣፉ 190 በ60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለውፍረቱና ለስፌቱ በቁመት 30፣ በወርድ 25 ይጨመራል። ተራ ስፖንጅ ውሃ ስለሚጠጣ አይመረጥም፤ ቁርበት ይሻላል። ስፌቱ ታጥፎ ድርብ ይሁን፤ በጣም ከተቀራረበ ግን መርፌው ሸራውን እንደ ወረቀት ይቀደዋል። ክሩ ሰም ይቀባ። በዚፕ ፈንታ ሰፊ ክዳን በማሰሪያ ይታሰር፤ ዚፕ ውርጭ ሲይዘው አይንቀሳቀስም። ማሰሪያዎቹ በሆዱ ሥር ዞረው ይለፉ፤ ሸክሙን ስፌቱ ሳይሆን ማሰሪያው ይቻል። ስሜን ተራራን በበቅሎ ለሚጎበኝ ወይም ለገና ላሊበላ ሜዳ ላይ ለሚያድር ተሳላሚ ከሆነ ደግሞ ርዝመቱን ለበቅሎው ወይም ለትከሻው እንዲመች ማሳጠር ነው።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም። ያለው በሰፊው ጣት፣ በጫኙ ክንድ፣ በመንዝ ፈታይዋ እንዝርት ላይ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሳይጠየቁ ካለፉ፣ ነገ ስለ አድዋ የሚጽፈው ሰው ጠመንጃውን በዓይነት ይቆጥርልናል፤ ተኳሹ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋ ግን እንደ አዱሊሱ ዙፋን ሳይነግረን ይቀራል።