አንድ መጽሐፍ ለብዙ ጆሮ፦ የሙሉ ቀን ንባብ ታሪካዊ መሠረትና ሐዋሳ

የመጻሕፍት ወዳጆች ተሰባስበው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያነቡበት ዝግጅት በዘመናችን «የንባብ ማራቶን» ይባላል። ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ልማዱም እንግዳ ይመስላል። ይሁንና ቀኑን ሙሉ በማኅበር ማንበብ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ሥር በአጭሩ ተከትሎ፣ እንደ ሐዋሳ ላለች ወጣት ከተማ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

በቅድሚያ የሚጠቀሰው የሰሙነ ሕማማት ንባብ ነው። ግብረ ሕማማት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ሰላማ መተርጉም ጊዜ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይነገራል። ምንባቡ ለ1፣ ለ3፣ ለ6፣ ለ9 እና ለ11 ሰዓት የተመደበ ስለሆነ ቀኑን ይሞላዋል። አንዱ አንባቢ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፤ ሕዝቡም ይሰግዳል፣ ያዳምጣል።

የዳዊት ሥርዓት ከዚህ ይለያል። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 «ንጉሥ» ይከፈላል። ለብቻው የሚደግም ሰው የየዕለቱን ድርሻ ይዞ በሳምንት ይዘልቀዋል፤ ለሙት ጸሎት የተሰበሰቡ ካህናትና ደብተሮች ግን ተካፍለው ያደርሱታል። ለመካፈል መጽሐፉን መያዝ ወይም በቃል ማወቅ ግድ ነው። ግብረ ሕማማት ግን በአንድ ቅጂ ደብሩን ሁሉ ያዳርሳል። እንግዲህ በማኅበር የማንበብ መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ባለ መጽሐፎችን ያሰባስባል፣ ሁለተኛው መጽሐፍ የሌለውንም ይጨምራል።

ሁለተኛው መንገድ ዓለማዊ መልክ የያዘው በሬዲዮ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ፣ ፊደልም ያልቆጠረ ሰው ከነበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር ተዋወቀ። በውጭውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካዋ የኒው ቤድፎርድ ከተማ «ሞቢ ዲክ» የተባለው ልቦለድ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ 25 ሰዓት ያህል በሚፈጅ ዓመታዊ ንባብ በብዙ ሰዎች ተራ ይነበባል።

ነገር ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ግብረ ሕማማት ለዘመናት በግእዝ ሲነበብ ብዙው ምእመን የቃሉን ምስጢር ሳይሆን ዜማውንና ሥርዓቱን ይዞ ይመለስ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ቋንቋዎች መስፋፋቱ የዚህን ችግር ክብደት ያሳያል። ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ሲዳምኛ ነበር።

በ1950ዎቹ የተቆረቆረችው ሐዋሳ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን፣ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ናት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈተ በኋላ ፊቱን ወደ ሐዋሳም አዙሮ ነበር። በዚያም መጻሕፍት የጫነና በአህያ የሚሳብ ጋሪ ልጆች ወዳሉበት ይሄድ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መጽሐፍ ፈላጊውን ከሚጠብቅ፣ ራሱ ወደ ፈላጊው ይሂድ የሚል ነው።

የሙሉ ቀን ንባብም በዚህ መለኪያ ሊመዘን ይገባል። ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ይዞ በዝምታ የሚያነብበት ጉባኤ መልካም ቢሆንም፣ መጽሐፍ መግዛት ያልቻለውን ከደጅ ያስቀረዋል። አንድ መጽሐፍ በተራ፣ በጉልህ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ በሲዳምኛ ሌላ ጊዜ በአማርኛ ቢነበብ ግን ባዶ እጁን የመጣው ልጅም ከጉባኤው ይቆጠራል። የአባቶቻችን የንባብ ቀን ያዳረሰው በቅጂ ብዛት አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ጆሮ እንዲበቃ አድርገው ስላነበቡት ነው።