የመጀመሪያው ቃል የማን ነው?

በአሜሪካ ጎልማሳ ስደተኞችን እንግሊዝኛ የማስተማር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚወራው እንደ ደግነት ታሪክ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የአስተማሪው በጎ ፈቃድ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ወሳኙ የትምህርቱን ቃል የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ዲትሮይት አጠገብ፣ ሃይላንድ ፓርክ በነበረው የፎርድ መኪና ፋብሪካ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሚያስተምሩት ከፈረቃቸው ውጪ ያለ ክፍያ የሚመጡ የፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ። ጊዜያቸውን ሰጥተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ቃሉን የመረጠው ግን አሠሪው ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ያወጀውን የ5 ዶላር የቀን ክፍያ ለማግኘት ሠራተኛው ቤቱንና አኗኗሩን ማስመርመር ነበረበት፤ ትምህርቱም በተግባር ግዴታ ነበር። በምረቃው ትርኢት ተመራቂዎቹ የትውልድ አገራቸውን ልብስ ለብሰው ወደ አንድ ግዙፍ ድስት ይገባሉ፤ ሲወጡ የአሜሪካ ሱፍ ለብሰው፣ ባንዲራ ይዘው ነው። የገቡበት ልብስ ከነትዝታው እዚያው እንዲቀር ነበር የሚፈለገው።

ከዚያ 25 ዓመት ቀደም ብሎ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር ቺካጎ ውስጥ በሃልስተድ ጎዳና የከፈቱት ሃል ሃውስ የተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቤትም ለሠፈሩ ስደተኞች እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አዳምስ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ልጆቹ አዲሱን ቋንቋና ኑሮ ቀድመው ስለሚለምዱ በወላጆቻቸው ማፈር ይጀምራሉ። በ1900 እዚያው ሃል ሃውስ ውስጥ የተከፈተው የሥራ ሙዚየም ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። እናቶች እንደየአገራቸው ወግ እዚያ ሲፈትሉና ሲሸምኑ፣ ልጅ የእናቱን ባለሙያነት በዓይኑ ያያል። እንደ እኔ ሙዚየሙ ከቋንቋ ትምህርቱ የሚነጠል አይደለም፤ ጎልማሳ ሰው እንደ ሕፃን ሲቆጠር አፉ ይያዛልና።

ሠራተኛው አስቀድሞ የሚያስፈልገው የማሽኑን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ነው፣ ሌላው ይደርሳል የሚል ይኖራል። በ1906 የወጣው ሕግም ዜግነት ፈላጊው እንግሊዝኛ እንዲናገር ያስገድድ ስለነበር የፎርድ ትምህርት ጥቅም እውነተኛ ነው። ሆኖም ሰውን ከአደጋ የሚያስጥል ቃል ለማስተማር ማንነቱን ማስጣል አያስፈልግም። በጎ ፈቃደኛ ሙያው የለውም ለሚሉት ደግሞ ሩት ኮልቪን በ1962 ሲራኪዩዝ፣ ኒው ዮርክ የጀመሩት ሥራ መልስ አለው። ማንበብ ለማይችሉ ጎልማሶች ታስቦ የተጀመረው ይህ ሥራ ኋላ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ስደተኞችም ደረሰ። በጎ ፈቃደኛው አስጠኚ ከተማሪው ጋር ከመቀመጡ በፊት ራሱ ይሠለጥናል። ከተማራቸው ዘዴዎች አንዱ ቀላል ነው፤ ተማሪው የራሱን ጉዳይ በራሱ አነጋገር ይናገራል፣ አስጠኚው እንደወረደ ይጽፋል፣ ያው ጽሑፍ የዕለቱ ምንባብ ይሆናል። ስለ ልጁ ሕመም ያወራ አባት፣ ያን ቀን ማንበብ የሚማረው «ትኩሳት» የሚለውን ቃል ነው።